የሕፃናትን ጺጺት በጥልፍና በጥበብ ስለ ማሳመር

ጥያቄ
ከ፦ የአራት ዓመት ልጅ እናት (ነታንያ)

ሰላም ለዚህ መድረክ ተሳታፊዎች ሁሉ። አራት ዓመት ሊሞላው የተቃረበ ወንድ ልጅ አለኝ። ሦስተኛ ዓመቱን ስናከብር እዚህ እስራኤል እንደ ሰፈራችን ልማድ ጸጉሩን አስተካክለን ኪፓ (ትንሽ ቆብ) እና ጣሊት ቃጣን አለበስነው፤ ይህ በአራት ማዕዘኖቹ ላይ ጺጺት የሚባሉ የትእዛዝ ክሮች የታሰሩበት ትንሽ ልብስ ነው፣ ልብሱንም ራሱን ጺጺት እንለዋለን፤ መጀመሪያ ላይ ክሮቹን ለጎረቤት ሁሉ እያሳየ በደስታ ይለብሰው ነበር። አሁን ግን ማለዳ ማለዳ ሙግት ሆኖብናል። አንገቴን ያሳክከኛል ይላል፤ ሲሮጥ ልብሱ ይዞርበትና ወደ ጎን ይጠቀለላል፤ ጋን (መዋዕለ ሕፃናት) ሲደርስም አውልቆ ቦርሳው ውስጥ ይከተዋል። ባለቤቴ ገና ሕፃን ስለሆነ ጊዜ እንስጠው ባይ ነው። እኔም ብሆን አስገድጄ ማልበስ አልፈልግም፤ በቁጣ የተለመደ ትእዛዝ ልጁ ሲያድግ መጀመሪያ የሚጥለው እንዳይሆን እፈራለሁ።

ስለዚህ ልብሱን ራሱ ፈልጎ እንዲያነሣው አድርጌ ላሳምረው አስቤአለሁ። በሱቅ ውስጥ ባቡር፣ አንበሳና የአሌፍ ቤት (የዕብራይስጥ) ፊደላት የታተሙባቸው የልጆች ጺጺቶች አይቻለሁ፤ የአንዳንዶቹ ዋጋ አይቀመስም፣ ስዕሎቹም ለእኛ ቤት ልጅ የሚነግሩት ነገር ያለ አልመሰለኝም። በሌላ በኩል እናቴ ከጎንደር ይዛው የመጣችው አሮጌ ነጠላ አለ። መሐሉ አልቋል፤ የጥበቡ አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ግን አሁንም ደማቅ ነው። ከዚያ ጥበብ ላይ ቆርጬ በልጁ ጺጺት ደረትና በታችኛው ጠርዝ ዙሪያ ልሰፋለት፣ ከበላዩ አንበሳ ልጠልፍለት፣ ስሙንና ከኦሪት አንድ ቃል ደግሞ በዕብራይስጥ ልጽፍበት ፈለግሁ። እንዳይዞርበት ግራና ቀኝ ጎኑን ገጥሜ ብሰፋው፣ ሁልጊዜ የሚታጠፉትን ማዕዘኖችም ክብ አድርጌ ብቀመቅማቸው የሚሻል ይመስለኛል።

ከዚህ ሁሉ የትኛው እንደሚፈቀድ፣ የትኛው ልብሱን ለትእዛዙ የማይሆን እንደሚያደርገው የምታውቁ ብታስረዱኝ። ልጆች ያሳደጋችሁ ደግሞ ጌጡ በእርግጥ የሚረዳ መሆኑን ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል።

መልስ
ከ፦ ጺጺት ቋጣሪ (ቤር ሸቫ)

እኅታችን፣ ልብሱን የማሳመር ሐሳብዎ ከሃላኻ (ከአይሁድ ሃይማኖታዊ ሕግ) ጋር የሚጣላ አይደለም። ጠቢባን በዘፀአት 15፥2 ካለው የባሕሩ መዝሙር ተነሥተው፣ ትእዛዝ በሚያምር ዕቃ ሊፈጸም እንደሚገባው ሲያስተምሩ፣ በታልሙድ (በጠቢባን የሕግ ውይይት መጽሐፍ) በሻባት ክፍል በ133ኛው ቅጠል ላይ ምሳሌዎቻቸውን ይጠቅሳሉ፤ ያማረ ሱካ (የበዓል ዳስ)፣ ያማረ ሉላቭ (የዘንባባ ቅርንጫፍ)፣ ያማረ ሾፋር (ቀንደ መለከት)፣ ያማረ ጺጺት፣ ያማረ የኦሪት ጥቅልል ይላሉ። ጺጺት በስሙ ተጠርቶ እዚያ ውስጥ ይገኛልና ጥልፍዎን እንደ ትርፍ ነገር አይቁጠሩት። ዕድሜውን በተመለከተም ሱካ በሚባለው ክፍል በ42ኛው ቅጠል ላይ የተሰጠው መለኪያ ልጁ መጎናጸፍን ማወቁ ነው፤ ራሱ ለብሶ ራሱ የሚያወልቅ የአራት ዓመት ልጅ ገና በመልመጃው ደጃፍ ላይ ስለሆነ፣ አንዳንድ ቀን ቢያወልቀው እርስዎም ሆኑ አባቱ የሚሸበሩበት ምክንያት የለም።

ዋናው ጉዳይ ግን ከማዕዘኖቹ ጋር የተያያዘ ነው። ዘዳግም 22፥12 ዘርፉን በልብሱ አራት ማዕዘኖች ላይ ያደርገዋል፤ ማዕዘን ከሌለ ትእዛዙ የሚያርፍበት ቦታ የለም። ስለዚህ ክብ አድርጎ መቀምቀም ያሉት ነገር ፈጽሞ ይቅር። ክብ የሆነ ጫፍ እንደ ማዕዘን ስለማይቆጠር ልጅዎ ክር የተንጠለጠለበት ተራ ልብስ ለብሶ ይውላል። ጎኖቹንም ቢሆን ሹልሐን ዓሩኽ (የሃላኻ ደንብ መጽሐፍ) የጎኑ አብዛኛው ክፍል ክፍት እንዲሆን ይጠይቃል፤ ከላይ እስከ ታች ገጥመው ከሰፉት ልብሱ ከአራት ማዕዘንነት ይወጣል። በየጎኑ አንድ አዝራር ወይም አጭር ላስቲክ ማድረግ ግን በብዙ የልጆች ጺጺት ላይ የተለመደ ነው፤ እንዳይዞርበት ለማድረግም እሱ ይበቃል።

ብዙ ሰው የማያስተውለው የታችኛውን ጠርዝ ነገር ነው። ክሩ የሚያልፍበት ቀዳዳ ከጠርዙ ከሦስት አውራ ጣት ስፋት በላይ እንዳይርቅ፣ በጣም እንዳይቀርብም ተወስኗል፤ በሴንቲ ሜትር ሲታሰብ በግምት ከ4 እስከ 6 ባለው መካከል ይውላል። እርስዎ በታች በኩል አራት ጣት የሚያህል ጥበብ ከቀጠሉበት ጨርቁ ይረዝማል፤ ትናንት በልኩ የነበረው ቀዳዳም ከአዲሱ ጠርዝ ርቆ ከወሰኑ ይወጣል። ጥበቡን በነባሩ ጨርቅ ላይ ደርበው ከሰፉት ግን ልኩ ስለማይለወጥ ችግር አይፈጥርም። በተጨማሪም ከትእዛዙ ቃል የወጣ አንድ መርሕ አለ፤ ጺጺት መሠራት ያለበት ልብሱ ለጺጺት የበቃ ከሆነ በኋላ ነው እንጂ አስቀድሞ የታሰረው ክር፣ ልብሱ ኋላ ሲስተካከል አብሮ የሚስተካከል አይደለም። በመሆኑም ማዕዘኑን ቆርጦ ሌላ ጨርቅ መቀጠልን የመሰለ ማንኛውም ሥራ ክሩ ከመግባቱ በፊት ማለቅ አለበት፤ መጀመሪያ ስፌቱ፣ መጨረሻ ላይ ቋጠሮው ይሁን።

ክሮቹን ራሳቸውን አይንኩ። ክሩ ከመፈተሉ ጀምሮ ለጺጺት ትእዛዝ ተብሎ የተፈተለ መሆን ስላለበት፣ ከስፌት ዕቃ መደብር የተገዛ ቀይና ቢጫ ክር ከመካከላቸው ማስገባት ወይም ዶቃ ማሰር ለልጅ ቢያምርም ለትእዛዙ አይሆንም። ልጁ የሚወደው ቀለም ሰማያዊ ከሆነ ዘኍልቍ 15፥38 ራሱ የሚናገርለት ትኼሌት (ሰማያዊ ክር) አለ፤ ከባሕር ቀንድ አውጣ የሚወጣውን ቀለም ዛሬ የሚጠቀሙ ብዙዎች ናቸው፣ የማይጠቀሙም ብዙዎች ናቸው። ዋጋውን ሳየው ግን በየዓመቱ ልብስ ለሚጠበው ልጅ እኔ አልገዛም ነበር።

የጨርቁ ቀለም ላይም አንድ ነገር ልበል። ሹልሐን ዓሩኽ ክሩ ከጨርቁ ጋር አንድ ዓይነት ቀለም እንዲኖረው የሚሹ እንዳሉና ጥንቁቆችም እንዲሁ እንደሚያደርጉ ይጽፋል፤ ራማ (በዚያ መጽሐፍ ላይ ማስታወሻ የጨመሩ ረቢ) ደግሞ የአሽኬናዝ (የአውሮፓ አይሁድ) ልማድ ክሩን ምንጊዜም ነጭ ማድረግ እንደሆነ ያክልበታል። መሬቱ ነጭ ሆኖ ጥበቡ በላዩ እንደ ጥለት ቢያልፍ ከሁለቱም ጋር ይስማማል፤ ልብሱን በሙሉ አረንጓዴ ወይም ቀይ ማድረግ ግን ያለ በቂ ምክንያት ጥያቄ መጥራት ነው።

ስሙን መጥለፍ ምንም አያስጠይቅም። የኦሪት ጥቅስ መጥለፍ ግን በሹልሐን ዓሩኽ በዮሬ ዴዓ ክፍል በምዕራፍ 283 ላይ በግልጽ የተከለከለ ነው። በትልልቅ ሰዎች ጣሊት አንገትጌ ላይ በረከቱ ተጠልፎ ይታያል ይሉኝ ይሆናል፤ እውነት ነው ይታያል፣ እሱን ደግፈው የሚከራከሩም አሉ፤ ነገር ግን የልጅዎ ልብስ ሽንት ቤት አብሮት የሚገባ፣ ጭቃና ወጥ የሚነካው፣ ሲያረጅም የሚጣል ነውና በዚህ ላይ ቅዱስ ቃል ባይሰፍር የተሻለ ነው። አንበሳውን በተመለከተ ጠፍጣፋ የእንስሳ ጥልፍ አይከለከልም። የተሟላ የሰው ምስል ጎልቶ እንዲወጣ አድርጎ መጥለፍን፣ እንዲሁም ፀሐይና ጨረቃን ይተዉ፤ በእነዚህ ላይ ሃላኻው የከበደ ነው። በስዕል ያሸበረቀ ልብስ ፊት ለፊት ሆኖ መጸለይም ልብን ስለሚበትን አይመከርም፤ ልጁ ከአባቱ ጋር ቤት ክኔሴት (ምኩራብ) ሲሄድ የሚለብሰው ሌላ ያልተጌጠ ጺጺት ቢኖረው መልካም ነው። ስለ ዝርዝሩ የአካባቢዎን ረቢ መጠየቅዎን አይተዉ።

መልስ
ከ፦ ልብስ ሰፊ (ረሖቮት)

ስለ ሃላኻው ከእኔ የሚያውቁት ስለተናገሩ እኔ ስለ ጨርቁ ልናገር። እኅቴ፣ ጌጡን ከማሰብሽ በፊት ልጁ ያሳክከኛል ያለውን እመኚው። የሱቅ ጺጺቶች የአንገት ቀዳዳ ብዙ ጊዜ በናይለን ክር የተዘመዘመ ነው፤ ላብ ሲነካው እንደ መርፌ ይወጋል። አንገቱን ዙሪያውን በለስላሳ የጥጥ ጥብጣብ ክፈኚው፣ የፋብሪካውንም ምልክት ከሥሩ ፍቺው። ይህን ብቻ አድርገውላቸው ያለ ምንም ጌጥ ልብሱን የለመዱ ልጆች አውቃለሁ።

ጥልፍ ራሱ ሌላ ማሳከኪያ ሊሆን እንደሚችል ደግሞ አትርሺ። በፊት ለፊት የሚያምረው አንበሳ በጀርባው በኩል ቋጠሮና የክር ጫፍ ነው፤ ጣሊት ቃጣን ደግሞ ብዙ ልጆች በስስ ካናቴራ ላይ፣ አንዳንዶቹም በባዶ ገላቸው ላይ ይለብሱታል። ጥልፉን ስትጨርሺ በጀርባው ስስ የጥጥ ጨርቅ ደርበሽ በዙሪያው በእጅ ስፊበት። በካውያ ሙቀት የሚጣበቁት የፕላስቲክ ስዕሎች ርካሽ ናቸው፣ ቶሎም ያልቃሉ፤ ነገር ግን አየር ስለማያሳልፉ በነሐሴ ሙቀት ደረቱ ላይ ላብ ያጠራቅማሉ። የጨርቅ ቀለምም ወፍሮ ሲቀባ ይደርቅና ይሰነጠቃል፤ የግድ ከሆነ ስስ አድርገሽ ቀቢው። ዶቃ፣ ፈርጥና የሚነቀል አዝራር ግን ፈጽሞ አይሁን፤ ልጁ ቢተወው ታናሹ አፉ ውስጥ ይከተዋል።

የእናትሽን ጥበብ በተመለከተ ሁለት ነገር ፈትሺ። አንደኛ፣ ቀዩ ቀለም እንዳይለቅ ነጭ ጨርቅ አርጥበሽ በላዩ እሺው፤ ትንሽ እንኳ ሮዝ ከወጣ በመጀመሪያው እጥበት የጺጺቱ ክሮች ሁሉ ቀለም ይጠጣሉ። ሁለተኛ፣ ከነጠላው የተቆረጠ ጥበብ ጫፉ ወዲያው ስለሚተረተር ከመቁረጥሽ በፊት መቁረጫውን መስመር ግራና ቀኝ በስፌት መኪና አጥብቂው። ክርና ጨርቅ ስትመርጪ ደግሞ የሱፍ ጺጺት ላይ የተልባ እግር ክር ወይም ጥብጣብ እንዳይገባ ተጠንቀቂ፤ ሻዓትኔዝ (በኦሪት የተከለከለ የሱፍና የተልባ እግር ድብልቅ) ነው። ጥጥ በጥጥ ላይ ከሆነ የሚያሳስብ ነገር የለም። አዲሱን ጨርቅ ከመስፋትሽ በፊት እጠቢው፤ ጥጥ ይገባል፣ ጥበቡ ግን አርጅቶ የገባውን ገብቶ ስላለቀ አብሮት አይሰበሰብም፤ ሳታጥቢ ከሰፋሽው ደረቱ ላይ ይሸበሸባል።

ልብሱ የሚዞርበት አንዱ ምክንያት የአንገቱ ቀዳዳ ከትከሻው ጋር ሲመዛዘን ሰፊ መሆኑ ነው። ጠበብ አድርጊው፤ ከፊት በኩል ብቻ ትንሽ ወረድ ይበል። ጥበቡን በደረቱ ብቻ ብታደርጊው ፊቱ ከብዶ ወደ ታች ይጎትተዋል፣ ስለዚህ በጀርባውም ቀጭን መስመር አሳልፊ። ያም ሆኖ አንበሳው በፊት ብቻ ይሁን። የአራት ዓመት ልጅ ፊቱንና ጀርባውን ለይቶ ራሱ እንዲለብስ የሚረዳው ይህ ነው፤ በእኔ ግምት ከጌጡ ሁሉ ትልቁ ጥቅም እዚህ ላይ ነው፣ እኔ ለበስኩት ለማለት ሲል የሚለብስ ልጅ ብዙ ነውና። አንበሳውን ገልብጠሽ ጥለፊው ብልሽ አትሳቂ፤ ልጁ ወደ ደረቱ ቁልቁል ሲያይ ቀጥ ብሎ የሚታየው ከውጭ ላለ ሰው የተገለበጠው ነው። ሰው ምን ይላል ካልሽ ግን እንደ ልማዱ አድርጊው።

መልስ
ከ፦ የጋን ረዳት (አሽዶድ)

ከላይ የተጻፈው ሁሉ ጠቃሚ ነው፤ እኔ ግን በየቀኑ ከትንንሽ ልጆች ጋር የምውል እንደመሆኔ ትንሽ የተለየ አስተያየት አለኝ። ያጌጠ ጺጺት ልጁን የሚስበው ለተወሰነ ጊዜ ነው። ከዚያ በኋላ የጓደኛው የእሳት አደጋ መኪና ያለበት ሲሆን የእሱ አንበሳ ይረሳል፤ ወይም በተቃራኒው ተራ ነጭ የለበሰው ልጅ ለእኔ ለምን የለኝም ብሎ ሲያለቅስ ይውላል። በእኛ ክፍል ውስጥ ይህ ደጋግሞ የታየ ነው፤ የፊልም ጀግኖች የታተሙባቸው ሲመጡ ደግሞ የባሰ ይሆናል፤ ልጆቹ ስለ ጀግናው እንጂ ስለ ጺጺቱ አያወሩም። ስለዚህ ጌጥ ቢኖር እንኳ ከቤት የተሠራና ከቤተሰቡ ጋር የተያያዘ መሆኑን እመርጣለሁ፤ ድምቀቱን ሁሉ ደግሞ በኪፓውና በቦርሳው ላይ ብታደርጊው አይከፋም። ኪፓ ማዕዘንም ክርም የለውምና የፈለግሽውን ጥለፊበት።

ጋን ውስጥ የሚያወልቀው ለምን እንደሆነ መምህሯን ጠይቀሻት ይሆን? በዚህ ዕድሜ ልጆች ሽንት ቤት ሲቀመጡ ክሮቹ ይረጥቡባቸዋል፤ አንዴ ከረጠበ በኋላ ተራግፎ እንዲደርቅ የሚረዳቸው ሰው ካላገኙ ያወልቁታል፣ አፍረውም ምክንያቱን ለእናት አይናገሩም። አራቱን ጺጺት ሰብስቦ ከፊት በአንድ እጅ መያዝን ቤት ውስጥ አለማምጂው። መንሸራተቻ ላይ ሲወጣም ክሩ እንዳይያዝበት ወደ ሱሪው ውስጥ መክተት እንደሚፈቀድለት ንገሪው፤ ውጭ ካልታየ አልለበስኩም ማለት ነው ብለው የሚያስቡ ልጆች አሉ።

እኛ ጋ ጠዋት ሽማዕ (እስራኤል ሆይ ስማ የሚለው ጸሎት) ሲባል ትልልቆቹ ጺጺቱን ሰብስበው ይስማሉ፤ ትንንሾቹም አይተው ይከተላሉ። ከዚያም በአንዱ ማዕዘን ላይ 8 ክሮችና 5 ጥንድ ቋጠሮዎች መኖራቸውን በጣታቸው ይቆጥራሉ። ጺጺት የሚለው ቃል የዕብራይስጥ ፊደላት የቁጥር ዋጋ ሲደመር 600 ስለሚሆን፣ 8ቱና 5ቱ ተጨምረው 613 ትእዛዛትን ያሳስባሉ የሚለው ትምህርት ለአራት ዓመት ልጅ ቢከብድም መቁጠሩ ራሱ ይወደዳል። የለበሰ ልጅ ብቻ ነው የሚቆጥረው፤ ያላደረገው ነገ ለብሶ ይመጣል።

መልስ
ከ፦ አባት (ቂርያት ማልአኺ)፣ በልጃቸው እጅ የተጻፈ

ልጄ፣ ጥያቄሽን ልጄ አነበበችልኝ። እኔ የጺጺትን አቋጣጠር የተማርኩት እዚህ አገር ከመጣሁ በኋላ፣ በጎልማሳነቴ ነው፤ ስለዚህ በሃላኻው ላይ የምጨምረው የለኝም። ስለ ልብስ ግን እናውቃለን። ሽመና የአባቶቻችን ሙያ ነበር። በአገራችን ዓርብ ዕለት ልብስ ወንዝ ወርዶ ይታጠባል፤ ለሰንበት ሕፃኑም አዛውንቱም ንጹሕ ነጭ ይለብሳል። ልጅ ያን ቀን ልብሱን እንዳያቆሽሽ ራሱ ይጠነቀቅ ነበር፤ ማንም ስዕል አልሳለበትም።

ይህን የምለው ጌጥን ለመንቀፍ አይደለም። በሔሽቫን ወር 29 በሲግድ (በቤተ እስራኤል በዓል) ዕለት ወደ ኢየሩሳሌም ብትወጪ ቄሶቹ የሚይዟቸውን ጥላዎች ታያለሽ፤ ቀይ ነው፣ ሰማያዊ ነው፣ ጠርዙ በወርቃማ ዘርፍ የተከበበ ነው፤ ሕፃናቱም ከዚያ ሥር ለመቆም ይጋፋሉ። ስለዚህ ያማረ ነገር ልጅን ወደ ቅዱስ ነገር እንደሚስበው አውቃለሁ። የማይስማማኝ ባቡርና መኪናው ነው። ባቡር በማንኛውም ልብስ ላይ ይገኛል፤ ልጁ ይህ ልብስ ከሌላው የተለየ መሆኑን በዓይኑ ማየት አለበት። የእናትሽ ጥበብ ያን ያደርጋል። እናትሽ በሕይወት ካለች ደግሞ አንቺ አትስፊው፤ እሷ ልጁን አጠገቧ አስቀምጣ ትስፋው፣ መርፌውም ላይ ክር ያቀብላት። ይህ ነጠላ ወደዚህ አገር ለመምጣት በእግር በተሄደበት መንገድ አብሯት የመጣ ከሆነ መንገዱንም እየሰፋች ትንገረው።

ተጨማሪ ጥያቄ
ከ፦ የአራት ዓመት ልጅ እናት (ነታንያ)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ማዕዘኑን ክብ ማድረጉንና ጎኑን መግጠሙን ትቼዋለሁ፤ የኦሪቱንም ጥቅስ እንዲሁ። አባባ፣ እናቴ ስፌቱን በደስታ ተቀብላለች፤ ዓይኗ ስለደከመ ግን አንበሳውን ስምንት ዓመት የሆናት ልጄ ልትጠልፈው ጠይቃለች። የሽንት ቤቱን ነገር ጠይቄ እውነት ሆኖ አግኝቼዋለሁ፤ መምህሯ ከሳምንታት በፊት አስተውላው እንደነበር ነገረችኝ።

አሁን የቀረኝ ይህ ነው። አዲስ ጺጺት ከመግዛት ይልቅ ያለውን ብንጠቀም፣ ክሮቹን መፍታት ግዴታ ነው ወይስ እንደታሰሩ መስፋት ይቻላል? ከተፈቱስ ያንኑ ክር መልሼ ማሰር እችላለሁ? ባለቤቴ አቋጣጠሩን አያውቅም። የሴት ነጠላ የነበረ ጥበብ ለወንድ ልጅ ልብስ መሆኑም ያስጠይቅ ይሆን?

መልስ
ከ፦ ጺጺት ቋጣሪ (ቤር ሸቫ)

ሥራው በደረትና በጀርባ ላይ ብቻ ከሆነ፣ ማዕዘኖቹም ካልተነኩ መፍታት አያስፈልግም። በታችኛው ጠርዝ ላይ ጥበብ ደርበው የሚሰፉ ከሆነ ግን ቀዳዳውን ስለሚሸፍነውና እንደገና መበሳት ስለሚያስፈልገው ክሮቹን አስቀድመው ይፍቱ። ከአንዱ ጣሊት ክር ፈትቶ በሌላው ላይ ማድረግን ሹልሐን ዓሩኽ ይፈቅዳል፤ ስለዚህ ያው ክር ተመልሶ ሊታሰር ይችላል፣ ጫፉ ካልተበላ።

ማን ያስረው ለሚለው፣ ሹልሐን ዓሩኽ ሴት ብታስረው የበቃ ነው ይላል፤ ራማ ደግሞ ወንድ ቢያደርገው እንደሚመረጥ ይጨምራል። ከዚህ ተነሥቼ ባለቤትዎ እንዲማሩት እመክራለሁ። አስቸጋሪ አይደለም፤ አራት ክር በቀዳዳው ገብቶ ሲታጠፍ ስምንት ይሆናል፣ ከዚያ በቋጠሮዎቹ መካከል ረጅሙ ክር በሌሎቹ ላይ ይጠመጠማል። የጥምጥሙ ቁጥር በአሽኬናዝ ልማድ 7፣ 8፣ 11 እና 13፣ በብዙ ሰፋራዲም (መነሻቸው ከስፔን የሆነ አይሁድ) ዘንድ 10፣ 5፣ 6 እና 5 ነው። ከመጀመራቸው በፊት ለጺጺት ትእዛዝ ብለው እንደሚሠሩት በአፋቸው ይናገሩ። ልጁ ጥምጥሙን እየቆጠረ አጠገባቸው ቢቀመጥ ጥሩ ነው፤ ማሰሩን ግን ለእሱ አይተዉለት።

ጥበቡ የሴት ነጠላ መሆኑ ምንም አይደለም። ተቆርጦ በሌላ ልብስ ላይ የተሰፋ ጥለት የሴት ልብስ መባሉ ቀርቷል፤ ተራ ልብስ የነበረውን ለትእዛዝ ማዋል ደግሞ የሚመሰገን ነው።

መልስ
ከ፦ ልብስ ሰፊ (ረሖቮት)

ለስምንት ዓመቷ ልጅ ትንሽ ምክር። አንበሳውን በቀጥታ በጺጺቱ ላይ አትጥለፍ፤ በሌላ ነጭ የጥጥ ጨርቅ ላይ በጥልፍ ክብ ወጥራ ትጥለፈውና ሲያልቅ ቆርጣችሁ ደረቱ ላይ ስፉት። ብታበላሽ ጺጺቱ አይበላሽም፤ ልብሱ ሲጠበውም አንበሳው ተፈትቶ ወደሚቀጥለው ይዛወራል። ጎፈሩ ክር በዝቶበት እንዳይከብድ ዙሪያውን ብቻ ትጥለፍ።

ስለ እጥበቱ፣ አራቱን ጺጺት ሰብስበሽ በላላ ላስቲክ ያዣቸውና ልብሱን በመረብ ከረጢት ውስጥ ጨምረሽ በቀዝቃዛ ውኃ እጠቢው። ስትተኩሺው ጥበቡን ከጀርባው በኩል ተኩሺ፤ ካውያው ግን ክሮቹን አይንካቸው፣ ይጠፈጠፉና ለልጁ ጣት መቁጠር ያስቸግራሉ።